ስድስት መጋዘን፣ ሰባት ቃል

አቶ ይገዙን ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ቆርቆሮውን ማጋል ሳትጀምር፣ የመጋዘን አራት ደፍ ላይ ወድቀው አገኟቸው። ራሳቸው ወደ ውጭ፣ እግራቸው ወደ ውስጥ ነበር፤ ሊወጡ ሲሉ አልሆነላቸውም። ቁልፋቸው በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ከበሩ ላይ ያነሱት ቢጫ የማሸጊያ ፕላስተር በሥርዓት ተጠቅልሎ ኪሳቸው ውስጥ ተገኘ። ከፕላስተሩ ጋር አንድ ወረቀት አለ፤ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ክብ ማህተም ያረፈበት። ወረቀቱ በመጋዘን አራት ትይዩ «ክፍት» ይላል።

መጋዘን አራት ክፍት አልነበረም። ቅዳሜ ዕለት የነቀዝ መድኃኒት ገብቶበት፣ እስከ ሐሙስ ሰው ዝር እንዳይልበት የታሸገ ቤት ነበር። መድኃኒቱ ስንዴው ውስጥ ተቀምጦ መርዝ ይተነፍሳል። የታሰበው ለነቀዝ ነው፤ ግን ሰውን ከነቀዝ መቼ ይለያል!

የእህል ድርጅቱ የሰመራ ቅርንጫፍ ጸሐፊ እድላዊት ትባላለች። ከደብረ ብርሃን በኮምፒውተር ዲግሪዋን ይዛ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ሟቹ የመጋዘን ጠባቂ «ልጄ» እያሉ ነበር የሚጠሯት፤ እሷም ከአባቷ ቀጥሎ የምትፈራው እሳቸውን ነበር። ማክሰኞ ዕለት ፖሊስ ስለ ወረቀቱ ሲጠይቃት እንዲህ አለች፦ «ከአዋሽ የመጣው እንዲሁ በፒዲኤፍ ነው። እኔ አሳትሜ ማህተም ብቻ ነው ያደረግኩበት።»

በዚህች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት አብዱሰላም ታሰረ። አብዱሰላም አዋሽ የሚኖር፣ በየመጋዘኑ እየዞረ መድኃኒት የሚያስገባ ባለሙያ ነው። ሲጨርስ የትኛው ቤት ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ ዝርዝር ይልካል። ጠባቂው ፕላስተሩን የሚያነሳው ያ ዝርዝር ታትሞ እጁ ሲገባ ብቻ ነው። ፖሊስ የአብዱሰላምን ኮምፒውተር ሲከፍት ዝርዝሩ መጋዘን አራትን «ዝግ፣ እስከ ሐሙስ» ይላል። እሱ በወላሂ ቢምል፣ «እንዲህ ብዬ ነው የላክሁት» ቢል ማን ሰምቶት? ሰውየው ከሞቱ በኋላ አስተካክሎታል ተባለ። በዚያ ላይ ቅዳሜ ዕለት አቶ ይገዙ ያለ ጭምብል ጃኬታቸውን ሊያወጡ ሲገቡ አይቶ «አንድ ቀን በገዛ እጅዎ ይሞታሉ!» ብሎ ሲጮህባቸው ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል። በቃ፣ ገዳይ ተገኘ።

እድላዊት ግን ዋሽታለች። ፋይሉ የመጣው በዎርድ ነበር። ወደ ፒዲኤፍ የቀየረችው ራሷ ናት፤ በዚያ ቢሮ ዎርድ እንደ ረቂቅ ነው የሚታየው፣ ፒዲኤፍ ሲሆን ግን ያለቀለት፣ እጅ የማይነካው ነገር ነው። የሞቱን ዜና ስትሰማ ደግሞ ከቴሌግራሙም ከኮምፒውተሩም ላይ ፋይሉን አጠፋችው። ምን እንዳበላሸች ቢጠይቋት በውል መናገር አትችልም። ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ግን ለራሷም ማንሳት አልደፈረችም። ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗን ከሰው ዓይን እያሸሸች ትውላለች፤ አይ ሐፍረት!

ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተር ሀምዳ ከአዋሽ መጣች። የአፋምቦ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ ስታስብ በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። የአብዱሰላምን ላፕቶፕ በጨርቅ ቦርሳ አንግታለች። መጀመሪያ የጠየቀችው የቅርንጫፉን ኃላፊ አቶ ደሴን ነበር።

«ሰኞ የት ነበሩ?»

«ሎጊያ፣ ከሾፌሮች ጋር ስጨቃጨቅ! ከጅቡቲ የመጣ አሥራ አንድ መኪና ቆሞብኛል፤ የማራግፍበት ቦታ የለኝም። ከሰዓት መጣሁ፣ ወረቀቱን ፈረምኩ፣ ተመልሼ ሄድኩ።»

«መጋዘን አራት ቶሎ ቢከፈት ደስ ይልዎት ነበር ማለት ነው።»

አቶ ደሴ ፊታቸው ቀላ። «ምን ማለትሽ ነው? እኔ ሰው ልገድል ነው?»

«አነበቡት ወይ ነው የምልዎት።»

«ፒዲኤፍ ነበር እኮ፤ ማህተምም አለው» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

ቀጥሎ ወደ ጀማሉዲን ሱቅ ሄዱ። ጀማሉዲን ከወሎ መጥቶ ከአስፋልቱ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ነው፤ የቢሮው ፕሪንተር ቀለም ሲጨርስ እዚያ ነው የሚታተመው። ሀምዳ እድላዊትን «አብረሽኝ ግቢ» አለቻት።

«ከፒዲኤፍ ነው ያተምኩት፤ አንዲት ፊደል አልነካሁም» አለ ጀማሉዲን።

«እሷ ያመጣችው ፍላሽ ላይ ምን ምን ነበር?»

ጀማሉዲን ለአፍታ ወደ እድላዊት አየና ቶሎ ብሎ ወደ ማተሚያው ዞረ። «እኔ እንጃ፤ አላስታውስም። ስንቱ ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል።»

እድላዊት ወዲያው ገባት፤ ሰውየው ያስታውሳል። በይሉኝታ ሸፈናት። እንዲህ ከሚሸፍናት ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ከዚያ ወደ መጋዘኖቹ ሄዱ። በሰርዶ መንገድ በኩል ካለው የመጋዘን ሦስት ጫፍ ሲደርሱ ሀምዳ ቆመች። አንዲት ትንሽ በር ላይ የአውራ ጣት የምታክል ቁልፍ ተንጠልጥላለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የመጋዘን ሦስት አዲሱ ክፍል ናት። አምና ነው የተጨመረችው።»

«ምን አለባት?»

«ምንም። ባዶ ናት።»

«ቁልፉስ የማን ነው?»

እድላዊት አወቀችው። ጋሼ ይገዙ ምሳቸውን የሚያስቀምጡበትን ሳጥን የሚቆልፉበት ነበር። «የሳቸው ነው» አለች።

ሀምዳ አንጓዋን ቆጠረች። «ሰውየው ምንም የሌለበትን ክፍል የራሳቸውን ቁልፍ አውጥተው ዘጉ፤ መርዝ ያለበትን ደግሞ ፕላስተሩን ልጠው ከፈቱ። ሞኝ ነበሩ?»

«ኧረ በፍጹም! ጋሼ ይገዙ እኮ…» አለችና አቋረጠችው።

«እኮ ምን?»

«ጥንቁቅ ሰው ነበሩ።»

ኢንስፔክተሯ ትኩር ብላ አየቻት።

ከሰዓት በኋላ እድላዊት ለቅሶ ቤት ሄደች። መቅረት አይቻል ነገር! ሬሳው ከዱብቲ ሆስፒታል ተመልሶ ማክሰኞውኑ ተቀብሯል፤ ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። የሟች ሚስት እትዬ አሰፋሽ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከተቀመጡበት ተነሥተው በእጃቸው ጉርሻ ጠቀለሉላት።

«ብዪ እንጂ ልጄ። እሱ እንደሆነ ‘እድል ምሳዋን በልታ ይሆን’ ሳይል አይውልም ነበር።»

ጎረሰች። ማኘክ አቃታት። እትዬ አሰፋሽ ፊት ለፊቷ ቆመው ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቁ ሁሉ። እድላዊት አንገቷን ደፍታ ዋጠችውና ውኃ ፍለጋ እንደምትሄድ ሰው ሾልካ ወጣች። የሰው ባል ገድለሽ ከሚስቱ እጅ ትጎርሻለሽ ወይ እያለች ራሷን ስትረግም እስከ ቤቷ ደረሰች።

ሐሙስ ማለዳ ሁሉም በቅርንጫፉ ቢሮ ተሰበሰቡ። መጋዘን አራት መከፈት የነበረበት ቀን ነው። ቬንትሌተሩ ትኩሱን አየር ከወዲህ ወዲያ ያመላልሰዋል። አቶ ደሴ ወንበራቸው ላይ፣ ጀማሉዲን በሩ አጠገብ፣ እትዬ አሰፋሽ ማዕዘን ላይ ተቀምጠዋል። አብዱሰላም እጁ በካቴና ታስሮ በፖሊስ ታጅቦ ገባ። በሁለት ቀን ከስቷል። እድላዊትን ሲያያት «አሰላሙ አለይኩም» አላት እንደ ወትሮው። እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ሀምዳ ከሟች ኪስ የተገኘውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«በመጀመሪያ ይቺን የተቆለፈች ክፍል አስቡልኝ» አለች። «አቶ ይገዙ ባዶ ክፍል ዘጉ። ለምን? ወረቀቱን እዩት። ‘አዲሱ ክፍል’ ከሚለው ትይዩ ‘ዝግ፣ እስከ ሐሙስ’ ይላል። የመጋዘን አራት ትይዩ ደግሞ ‘ክፍት’ ይላል። ሰውየው የታዘዙትን ነው ያደረጉት። እንግዲህ እኔ ሰው ልገድል ብዬ ወረቀት ብለውጥ የመጋዘን አራትን ቃል ብቻ እለውጥ ነበር። ባዶ ክፍል መዝጋት ምን ያደርግልኛል? ስለዚህ ቃሉን ለክፋት የለወጠው ሰው የለም። ቃሎቹ ከቦታቸው ተንሸራተዋል።»

«ወረቀት ላይ ያለ ቃል እንዴት ይንሸራተታል?» አሉ አቶ ደሴ።

«ላሳይዎት።» የአብዱሰላምን ላፕቶፕ ከፈተችው። «ይሄ እሱ የጻፈው ነው። በግራ የመጋዘኖቹ ስም፣ ስድስት መስመር። በቀኝ ክፍት ወይም ዝግ፣ ስድስት መስመር። ትይዩ ስለሆኑ ሠንጠረዥ ይመስላሉ። አብዱሰላም፣ ሠንጠረዥ ናቸው?»

«አይደሉም። ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ ነው የጻፍኩት፤ በሁለት ዓምድ። ሠንጠረዥ መሥራቱ ያስቸግረኛል» አለ አብዱሰላም።

«አያችሁ፣ አንዱን ከአንዱ ጋር ያሰረው ነገር የለም። አሁን ይኼንኑ ፋይል በቢሮው ኮምፒውተር እንክፈተው። እድላዊት፣ ተነሽና ክፈቺው።»

እድላዊት ተነሣች። ሀምዳ የሰጠቻትን ፍላሽ ሰካች። ፋይሉ ተከፈተ፤ ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ።

«አብዱሰላም የጻፈበት ፊደል ቀጭን ነው» አለች ሀምዳ። «ይሄኛው ኮምፒውተር ያ ፊደል ስለሌለው በራሱ ፈቃድ ወፈር ያለ ተካበት። የመጋዘን ሦስትን መስመር እዩ። ‘መጋዘን 3፣ ከጅቡቲ የገባ ስንዴ፣ እና አዲሱ ክፍል’ ይላል። ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነው። ፊደሉ ሲወፍር አልበቃ አለውና ‘አዲሱ ክፍል’ የሚለው ወደ ታች ወረደ። አንድ የነበረው መስመር ሁለት ሆነ፤ ከሱ በታች ያለው የግራው ስም ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወረደ። ቀኙ ግን ንቅንቅ አላለም። የመጋዘን አራት የነበረው ‘ዝግ’ አዲሱ ክፍል ጎን ቀረ፤ የአምስት የነበረው ‘ክፍት’ ደግሞ አራት ጎን ተገኘ።»

«ያ ረቢ!» አለ አብዱሰላም።

«ይሄ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ስህተት ነው፤ ወንጀል የሚለው የለም» ብላ ቀጠለች። «ግን የመጨረሻውን መስመር እዩልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ከመጋዘን ስድስት ጎን ምን ይላል?»

«ምንም አይልም» አለ ጀማሉዲን። «ባዶ ነው።»

«ወረቀቱ ላይስ?»

አቶ ደሴ ወረቀቱን አነሡት። «‘ክፍት’ ይላል።»

ሀምዳ እጇን ወደ ላይ አንሥታ አንጓዋን እየነካች ቆጠረች። «ክፍት፣ ክፍት፣ ክፍት፣ ዝግ፣ ክፍት፣ ክፍት፣ ክፍት። ሰባት። መጋዘኑ ስድስት፣ ቃሉ ሰባት! አብዱሰላም የጻፈው ስድስት ነው። ኮምፒውተር መስመር ያወርዳል እንጂ ቃል አይፈጥርም። አንድ ሰው ያንን ባዶ ቦታ አይቶ፣ ተረስቶ ይሆናል ብሎ፣ ከራሱ ሞልቶታል። ወረቀቱ ጎደሎ ሆኖ ቢሄድ ኖሮ ማንም ‘ይሄ ምን ሆኖ ነው’ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያች ቃል የጠያቂውን አፍ ዘጋች።»

እድላዊት ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳችም።

«አቶ ደሴ ሎጊያ ነበሩ፤ ሾፌሮቹ መስክረዋል። ወረቀቱ ሲደርሳቸው ታትሞ ነበር። ቃሉ የተጨመረው በዎርድ ውስጥ ነው፤ በዎርድ የከፈተው ማን ነው? ወንድሜ ጀማሉዲን፣ ትናንት አላስታውስም ብለኸኛል። ይሄን ሰው በካቴና ታስሮ እያየህ ዛሬም አላስታውስም ትለኛለህ?»

ጀማሉዲን ጫማው ላይ አቀረቀረ። «ፍላሹ ላይ…» አለ። «አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ሰው ማጋለጥ ከብዶኝ ነው። ፍላሹ ላይ ሁለት ፋይል፣ ዎርዱና ፒዲኤፉ…»

«እኔ ነኝ» አለች እድላዊት።

እሷ ራሷ የሰማችው ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

«በዎርድ ነው የመጣው። ስከፍተው የመጨረሻው ባዶ ነበር። ከላይ ያሉት ክፍት ስለሚሉ ክፍት ብዬ ሞላሁት። ወደ ፒዲኤፍ ቀይሬ አሳተምኩት። አቶ ደሴ ሲፈርሙ ማህተሙን መታሁበት። ለፖሊስ ዋሽቻለሁ፤ ፋይሉንም እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አብዱሰላም ምንም አላደረገም።»

ሀምዳ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው፤ ካቴናው ተፈታ። አብዱሰላም የእጁን አንጓ እያሻሸ «ብትደውዪልኝ ምን ነበረበት?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰባት። «አንድ ደቂቃ እኮ ነው። ‘የስድስት ባዶ ነው’ ብትዪኝ ወዲያው አውቀው ነበር።»

«ባለፈው ወር ደውዬልህ…» ብላ ተወችው። እሱ ግን አስታወሰ። ባለፈው ወር ፋይል አልከፈት ብሏት ብትደውልለት፣ በድምፅ ማጉያ እንደሆነ እያወቀ «የኮምፒውተር ዲግሪሽ ታዲያ የምንድን ነው?» ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አስቆባት ነበር። አብዱሰላም ወደ መስኮቱ ዞረ። አቶ ደሴም ሳያነቡ የፈረሙበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ቁጭ ብለዋል።

ያኔ ከማዕዘኑ እትዬ አሰፋሽ ተናገሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ? ይገዙ እኮ ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ስትሰጪው ምንም አላለም?»

ሀምዳ ወደ እድላዊት አየች። ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ የለም። ምስክር የለም። ያን ጊዜ በቢሮው ከእሷና ከአቶ ይገዙ በቀር ማንም አልነበረም። ‘ምንም አላሉም’ ብትል ያለቀ ነገር ነው። እድላዊት ይህን በደንብ ታውቃለች፤ ለሦስት ቀን ከራሷ የሸሸገችውም ይህንኑ ነበር።

«ጠየቁኝ» አለች። እንባዋ ያኔ ነው የመጣው። «በሩ ላይ ቆመው አነበቡት። ‘ልጄ፣ አዲሷ ክፍል ባዶ አይደለችም እንዴ? ምን ሊያደርግ ዘጋት?’ አሉኝ። ስልኬን እያየሁ ነበር፤ ቀና እንኳን አላልኩም። አላውቅም ማለት አፈርኩ። ‘ጋሼ፣ ፒዲኤፍ ነው፤ አይሳሳትም’ አልኳቸው። ‘እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ’ ብለውኝ ሄዱ።»

እትዬ አሰፋሽ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ።

«ሰኞ ማታ ነግሮኛል» አሉ። «እራት እየበላ ‘ነገሩ አልገባኝም ነበር፣ ግን እድልን ጠይቄያታለሁ፣ እሷ ታውቃለች’ አለኝ። ትናንት ላጎርስሽ ፊትሽ የቆምኩት ትነግሪኝ እንደሆን ብዬ ነው። ስትወጪ ጊዜ ለኢንስፔክተሯ ነገርኳት። ከራሷ አፍ ልስማው ብዬ ግን ለመንኳት።»

እድላዊት መሬቱ ቢከፈትና ቢውጣት ወደደች። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል እትዬ አሰፋሽ በእጃቸው ትከሻዋን ይዘው አቆሟት። አላቀፏትም፤ አልገፏትምም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ከባላቸው ኪስ የተመለሰላቸውን ትንሽ መክፈቻ አወጡ።

«ያቺን በር ክፈቻትና ቁልፉን አምጪልኝ» አሏት። «የምሳ ዕቃው ነው፤ ከቤቱ ዕቃ እንዳይጎድል።»

ሀምዳ «ሂጂ፣ ከዚያ በኋላ ቃልሽን እንቀበላለን» አለችና ከኋላዋ ተከተለቻት። ግቢው ነዷል። መኪኖቹ በአስፋልቱ ዳር እንደቆሙ ናቸው። እድላዊት መክፈቻውን አስገብታ አዞረችው፤ ቁልፉ እጇ ላይ ወደቀ። በሩን ገፋ አድርጋ እስከ ግድግዳው ድረስ አየች።

ክፍሏ፣ ጋሼ ይገዙ እንዳሉት፣ ባዶ ነበረች።